ዩሪያ ቡቃያ የሚያቃጥለው ለምንድን ነው? እንዴትስ እንጠንቀቅ?



«ማዳበሪያው በቆሎዬን ፈጀው» ሲባል ያልሰማ ገበሬ ያለ አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ አንዱ ጎረቤት «ማዳበሪያው የተበላሸ ነው» ይላል። ሌላው «መሬቱ አልተቀበለውም» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሰው ዓይን ነው» ይላል። ባለማሳው ግን ቡቃያውም ተቃጥሎበታል፤ ለማዳበሪያው ያወጣው ገንዘብም አይመለስም። በአንድ ቀን ሁለት ኪሣራ ማለት ይህ ነው።

ይህን የምጽፈው ከእናንተ የበለጠ እርሻ አውቄ አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። ፊደል ለማስቆጠር በወጣሁበት ቀበሌ በገዛ እጄ የሰው በቆሎ ስላቃጠልኩ ነው የምጽፈው። እኔ በሰው ማሳ የተማርኩትን እናንተ በወረቀት ብትማሩት ይሻላል ብዬ ነው።

ነገሩ እንዴት ሆነ?

የተመደብነው በምዕራብ ጎጃም፣ በቆሎ በሚበዛበት ቀይ አፈር ላይ ነበር። ከምናስተምራቸው መካከል ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ነበሩ፤ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። እማማ ያላቸው አንድ ጥማድ በቆሎ ብቻ ነው። በሬ ስለሌላቸው ያረሰላቸው የእህታቸው ልጅ ነው። 25 ኪሎ ዩሪያ የገዙት አንዲት በግ ሸጠው ነበር። በቆሎው ጉልበት ሲደርስ «ልጆቼ፣ ነገ ብታግዙኝ» አሉን።

ከሁለት ባልንጀሮቼ ጋር ጎሕ ሲቀድ ሄድን። ሌሊት ዝናብ ጥሎ ስለነበር ቅጠሉ ሁሉ ውሃ ቋጥሯል። «መሬቱ ርሷል፣ ጥሩ ቀን ነው» አልኩ። ዩሪያውን በነጠላዬ ይዤ በአምስት ጣቴ እየዘገንኩ ከየግንዱ ሥር ጣልኩ። ስቸኩል ነጩ ፍሬ በቅጠሉ መሃል ይገባል፤ ምን አለበት ብዬ አለፍኩ። አፈርም አላለበስኩትም። ማሳው ሩብ እንኳ ሳይሞላ ዩሪያው አለቀ።

እማማ «አለቀ እንዴ?» አሉ።

«አይዞዎት እማማ፣ የደረሰው በደንብ ደርሶታል» አልኳቸው። ይህ ንግግሬ እስካሁን ያሳፍረኛል።

በአራተኛው ቀን ዩሪያ ያገኘው በቆሎ የቅጠሉ ጫፍና ዳር ወላፈን እንደ መታው ቡናማ ሆኖ ደረቀ። አንዳንዱም መሃሉ ድረስ ተኮማተረ። እማማ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አንዱን ቅጠል በጣታቸው ሲያሹት እንደ ደረቀ ትምባሆ ደቀቀ። «ልጄ፣ አንቺስ ልትረጂኝ ነው፤ እኔን የሚቆጨኝ በጓ ናት» አሉ።

የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ተጠርቶ መጣና ሦስት ነገር ጠየቀኝ። «ለአንዱ ግንድ ስንት ሰጠሽው? ከግንዱ ምን ያህል አራቅሽው? ቅጠሉስ ደርቆ ነበር ወይ?» ለሦስቱም መልስ አልነበረኝም። ከዚህ በታች የምታነቡት የነዚያ የሦስት ጥያቄዎች መልስ ነው።

ማዳበሪያ እሳት ነው ወይ?

አይደለም። ይህን በቤታችሁ መፈተን ትችላላችሁ። ለምግብ በማትፈልጉት ጣሳ ጥቂት ውሃ አድርጉ። ሁለት ሦስት ማንኪያ ዩሪያ ጨምሩና በእንጨት አማስሉት። ጣሳውን በእጃችሁ ስትይዙት ውሃው ይቀዘቅዛል እንጂ አይሞቅም። ፈተናውን ስትጨርሱ ውሃውን ሰውም ከብትም በማይደርስበት ቦታ ድፉት።

ታዲያ ቀዝቃዛ ነገር እንዴት ያቃጥላል? ማዳበሪያ ሥራው እንደ ጨው ነው። ቋንጣ ስታዘጋጁ ሥጋው ላይ ጨው ትነሰንሳላችሁ። ጥቂት ቆይቶ ሥጋው ውሃ ያንጠባጥባል። ውሃውን ከሥጋው ስቦ ያወጣው ጨው ነው። በተክል ሥር ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው።

በደህናው ጊዜ በሥሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከአፈሩ ውሃ ይልቅ ጨዋማ ነው። ስለዚህ ውሃ ከአፈር ወደ ሥር ይገባል። በአንድ ቦታ ብዙ ማዳበሪያ ሲሟሟ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የአፈሩ ውሃ ከሥሩ ፈሳሽ የበለጠ ጨዋማ ይሆናል። ያን ጊዜ ውሃ ወደ ሥር መግባቱን ያቆማል፤ ሲብስም ከሥሩ ወደ አፈሩ ይወጣል። ተክሉ እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ ይጠማል። የቅጠሉ ጫፍና ዳር ውሃ መጨረሻ የሚደርሰው ቦታ ስለሆነ መጀመሪያ የሚደርቀውም እርሱ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሽታ ያለው አየር ነው። ዩሪያ እርጥብ አፈር ሲነካ፣ በአፈሩ ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕይወቶች በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። ያደረ በረት ስትጠርጉ አፍንጫችሁን ሰንጎ ዓይናችሁን የሚቆጠቁጠው ሽታ ይኸው አሞኒያ ነው። ሰውን እንዲህ ካስነጠሰ ገና ያልጠነከረውን ጨቅላ ሥር ምን ያደርገው ይመስላችኋል? ዩሪያ ከዘር ጋር በአንድ ጉድጓድ ሲቀበር ዘሩ ሳይበቅል የሚቀረው፣ ወይም በቅሎ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ቅጠል ላይ የሚያርፈው ነው። የማዳበሪያ ፍሬ እርጥብ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ይጣበቃል፤ እዚያው ይሟሟል፤ ከአንዲት የውሃ ጠብታ ጋር ሆኖ ከባድ ጨው ይሆናል። ያረፈበትን ቦታ ያነደዋል።

ከግጦሽ ሣር የተገኘ ትምህርት

ባለሙያው ይህን ሁሉ ካስረዳን በኋላ ወደ ግጦሹ ወሰደን። «እስቲ ላም የሸናችበትን ቦታ ፈልጉ» አለን። አገኘን። መሃሉ ላይ ሣሩ ቢጫ ሆኖ ሞቷል። ዙሪያው ግን ከሌላው ሣር ሁሉ ይልቅ ረዝሞ ጠቁሯል።

በከብት ሽንት ውስጥም ዩሪያ አለ። መሃሉ ላይ በዝቶ ስለወረደ አቃጠለ። ዳሩ ላይ ቀጥኖ ስለደረሰ አለመለመ። አንድ ላም፣ አንድ ሽንት፣ አንድ ሣር ነው፤ ልዩነቱ የመጠኑ ነው። «ማርም ሲበዛ ይመራል» የሚባለው እዚህ ላይ ጥሩ አድርጎ ይሠራል።

እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው ማዳበሪያ መልካም ወይም ክፉ የሚሆነው በመጠን፣ በርቀትና በውሃ መሆኑን ነው። ሦስቱን ካስተካከላችሁ አያቃጥልም።

መቃጠሉን ከሌላ ችግር እንዴት እንለያለን?

የደረቀ ቅጠል ሁሉ በማዳበሪያ የተቃጠለ አይደለም። ስለዚህ ከመፍረዳችሁ በፊት እነዚህን አስተውሉ።

በማዳበሪያ የተቃጠለ ከሆነ ማዳበሪያው በተሰጠ በጥቂት ቀን ውስጥ ይታያል። ጫፉና ዳሩ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ብዙ ፍሬ የወደቀበት ቦታ ላይ ይብሳል፤ ያልደረሰበት ግንድ ደህና ነው።

የናይትሮጂን ረሃብ ከሆነ ቀስ ብሎ ይመጣል። ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ከጫፋቸው ጀምሮ በመሃል አከርካሪያቸው በኩል ቢጫ ይሆናሉ። ይህ ማዳበሪያ የሚሻ እንጂ ማዳበሪያ የጎዳው አይደለም።

የውሃ ጥም ከሆነ ቅጠሉ በቀትር ይጠቀለላል፤ መጀመሪያ ላይ ማታ ሲቀዘቅዝ ይፈታል።

በእማማ ማሳ ላይ ሁለቱን አንድ ላይ አየኋቸው። እኔ የሰጠሁት ሩብ ማሳ ከብዛት የተነሣ ተቃጠለ። ምንም ያልደረሰው ሦስት ሩብ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ በረሃብ ቢጫ ሆነ። ዩሪያውን ለሁሉ አካፍዬ ቢሆን ኖሮ የሚቃጠልም የሚራብም አይኖርም ነበር።

ከረጢቱን እናንብብ

ፊደልና ቁጥር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ቁጥሮች ተጽፈዋል። የመጀመሪያው ቁጥር ናይትሮጂን ነው፤ ቅጠልና ግንድ ያሳድጋል። ሁለተኛው ፎስፌት ነው፤ ሥር ያበረታል። ሦስተኛው ፖታሲየም ነው።

ዩሪያ 46-0-0 ነው። በ100 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጂን አለ ማለት ነው።

ዳፕ 18-46-0 ነው። በዩሪያም በዳፕም ላይ 46 የሚል ቁጥር አለ፤ ቦታው ግን ይለያያል። በዩሪያ አንደኛ ነው፣ በዳፕ ሁለተኛ ነው። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ተራውንም አንብቡ።

ኤንፒኤስ 19 ናይትሮጂን፣ 38 ፎስፌትና 7 ሰልፈር አለው።

ማዳበሪያን ለአገራችን ገበሬ ካስተዋወቁት ቀደምት ድርጅቶች አንዱ በ1960 ዓ.ም. አርሲ ውስጥ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ማለት ካዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ገበሬው የሚያውቀው ዳፕንና ዩሪያን ነበር። ከ2000ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ ግን በብዙ ቦታ ዳፕ በኤንፒኤስ ተተክቷል። አባት በዳፕ የለመደውን ልጅ በኤንፒኤስ ሲሠራ ቁጥሩን ማየት ያለበት ለዚህ ነው።

ዩሪያ ከሦስቱ በናይትሮጂን የከበደ ስለሆነ፣ ከዘር ጋር ከተቀበረ ወደ አሞኒያ ስለሚለወጥ ዋናው ጥንቃቄ በእርሱ ላይ ነው። ዳፕና ኤንፒኤስም ግን ዘሩን በቀጥታ ከነኩ ይጎዳሉ።

ልኩን በቆርኪ

አሁን ሒሳብ እንሥራ። እርሳስና ወረቀት ያዙ።

አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። በብዙ ቦታ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ያህላል፤ ስለዚህ አንድ ጥማድ 2,500 ካሬ ሜትር ነው። ለሄክታር 100 ኪሎ ዩሪያ የሚለውን የቆየ ምክር ለምሳሌ እንውሰድ። ለአንድ ጥማድ 25 ኪሎ ይደርሰዋል። 25 ኪሎ 25,000 ግራም ነው።

በቆሎው በመስመር 75 ሳንቲ ሜትር በ30 ሳንቲ ሜትር ቢዘራ በአንድ ጥማድ ላይ ወደ 11,100 ግንድ ይቆማል። 25,000 ግራም ለ11,100 ግንድ ሲካፈል ለአንዱ የሚደርሰው 2 ግራም ከሩብ ነው። አያችሁ ትንሽነቱን! እኔ በአምስት ጣቴ የዘገንኩት ወደ 10 ግራም ነበር። አንዱን በቆሎ የአራት በቆሎ ራት አበላሁት ማለት ነው።

ይህን ያህል ትንሽ ነገር በምን እንለካ? በለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ። ቆርኪ ሁሉ እኩል አይይዝምና በመጀመሪያ መዝኑት። 100 ቆርኪ ዩሪያ፣ አፉን በጣት እየደለደላችሁ፣ በፌስታል ውስጥ ቁጠሩ። በሱቅ ሚዛን አስመዝኑ። የመጣውን ግራም ለ100 አካፍሉ። ለምሳሌ 300 ግራም ከመጣ አንዱ ቆርኪ 3 ግራም ነው። እንግዲያው ለአንድ ግንድ 2 ግራም ከሩብ ለመስጠት ከቆርኪው ከአራት እጅ ሦስቱን መሙላት ይበቃል። ቆርኪው ላይ በምስማር ምልክት አድርጉበት።

ምን ያህል ኪሎ እንደሚያስፈልግ እንደ አፈሩና እንደ ሰብሉ ይለያያል። የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ። ለበቆሎ ከዚህ የሚበልጥ ቢነግራችሁም አካፋፈሉ ያው ነው፤ የተባለውን ኪሎ ለግንዱ ቁጥር ማካፈል ነው። መጠኑ ሲበዛም በአንድ ጊዜ ከመድፋት ለሁለት ጊዜ ከፍሎ መስጠት ይሻላል።

ሳይቃጠል ለመስጠት ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ በዘር ጊዜ ማዳበሪያና ዘር አይገናኙ። ኤንፒኤሱን በትልሙ ውስጥ ከረጫችሁ በኋላ የሁለት ሦስት ጣት ውፍረት ያህል አፈር አልብሱት። ከዚያ በላይ ዘሩን አስቀምጡ። ዩሪያን ከዘር ጋር በአንድ ጉድጓድ ፈጽሞ አትቅበሩ።

ሁለተኛ፤ ቅጠሉ ደረቅ፣ አፈሩ እርጥብ ይሁን። ጠዋት ጤዛው እስኪረግፍ ጠብቁ። ዝናብ እንዳቆመ ወዲያው አትግቡ። አፈሩ ደርቆ ከሆነ ደግሞ ዝናብ እስኪጥል ታገሡ፤ በደረቅ አፈር ላይ ጨውን የሚያቀጥነው ውሃ የለም። ውሃ በተኛበት ማሳ ላይም አትስጡ፤ ጎርፍ ይወስደዋል። እኔ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው፤ አፈሩን አየሁ፣ ቅጠሉን አላየሁም።

ሦስተኛ፤ ከግንዱ አራት ጣት ያህል አርቁት። በቆሎው ሥሩን ወደ ጎን ስለሚዘረጋ ፈልጎ ያገኘዋል። ቅጠሎቹ ተገጣጥመው እንደ ዋንጫ በሠሩት ስርጉድ ውስጥ አንድም ፍሬ እንዳይገባ ከላይ አትበትኑ፤ ጎንበስ ብላችሁ ከታች አስቀምጡ። ወገብ ያማል፤ ግን በቆሎ ከማጣት ወገብ መታመም ይሻላል።

አራተኛ፤ ወዲያው አፈር አልብሱት። በሽልሻሎ ወይም በኩትኳቶ ጊዜ ብታደርጉት አንድ ሥራ ለሁለት ይሆናል። ያለበሳችሁት ዩሪያ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር አይበንባችሁም፤ ገንዘባችሁም አፈር ውስጥ ይቆያል።

አምስተኛ፤ የጠጠረውን ፍሬ ፍቱት። እርጥበት ያገኘው ዩሪያ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ አሞሌ ይጠነክራል። አንዱ ጓል በወደቀበት ግንድ ላይ የብዙ ግንድ ድርሻ ይወርዳል። በዱላ ቀጥቅጣችሁ በወንፊት አሳልፉት፤ ወንፊቱን ለዱቄት አትመልሱት።

ስድስተኛ፤ ከረጢቱን በሰብሉ ላይ አትክፈቱ። ከማሳው ዳር፣ በሸራ ላይ ክፈቱት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ! የፈሰሰ ዩሪያ ግን ተለቅሞ አያልቅም፤ የቀረው የወደቀበትን ቦታ ባዶ ያደርገዋል። ከፈሰሰባችሁ ከነአፈሩ ዝቃችሁ ሰፋ ባለ ቦታ በትኑት።

ጤፍና ሣርስ?

ጤፍ በቆርኪ አይለካም፤ ይበተናል። ስለዚህ በጤፍ ላይ የሚያቃጥለው ያልተስተካከለ አበታተን ነው። ዩሪያውን የምትሰጡት ጤፉ ከአንዱ ሥር ብዙ ግንድ ማውጣት ሲጀምር፣ ከአረም በኋላ ነው።

ዘዴው እንዲህ ነው። ማሳውን በአራት ክፈሉ፤ ዩሪያውንም በአራት ክፈሉ። አሁን የአንዱን ክፍል ድርሻ ወስዳችሁ እንደገና ለሁለት አድርጉት። ግማሹን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እየሄዳችሁ በትኑ፤ ግማሹን ከሰሜን ወደ ደቡብ። በመጀመሪያው ጉዞ የዘለላችሁትን ሁለተኛው ይሞላዋል፤ አንድ ቦታ ላይ የሚደረብም አይበዛም። አራት ቦታ ስለከፈላችሁም መጀመሪያው ላይ አብዝታችሁ መጨረሻው ላይ ባዶ እጃችሁን አትቀሩም። ነፋስ ባለበት ቀን አትበትኑ።

ለከብት መኖ የምታሳድጉት ሣር፣ ወይም በከተማ በግቢ ውስጥ ለማማር የሚተከል ሣር ቢሆንም ሕጉ ይኸው ነው። በጥማድ 25 ኪሎ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር 10 ግራም ነው፤ ከቆርኪ ሦስት ከምትሞላ ትንሽ ይበልጣል። ደረቅ ሣር ላይ በመስቀለኛ በትኑ። ከዚያ ወዲያው ውሃ አጠጡት ወይም ዝናብ በሚጠበቅበት ዋዜማ ስጡት። ውሃው ፍሬውን ከቅጠሉ አጥቦ ወደ ሥር ያወርደዋል። ሣር የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ በትኖ ውሃ በመተው ነው። ዝናብ ወይም ውሃ አጥቦት ፍሬው ፈጽሞ እስኪጠፋ ከብት አታስገቡበት።

ፍግም ያቃጥላል

«እኔ የፈረንጅ ማዳበሪያ አልጠቀምም፣ የቤቴ ፍግ ይበቃኛል» የሚልም ይጠንቀቅ። ያልበሰለ ፍግ፣ በተለይ የዶሮ ኩስ፣ አሞኒያና ጨው አለው። ጎመንና ቃሪያ ሥር ትኩሱን ብታደርጉት ልክ እንደ ዩሪያ ያደርቃል። ከገለባና ከቅጠል ጋር ከምራችሁ፣ እያገላበጣችሁ፣ ሽታው ጠፍቶ አፈር እስኪመስል አብስሉት። አመድንም ከዩሪያ ወይም ከዳፕ ጋር አትቀላቅሉ፤ አመዱ አሞኒያውን አባርሮ ገንዘባችሁን ወደ አየር ይልከዋል።

ከተቃጠለስ በኋላ?

ቶሎ ከደረሳችሁና ነጩ ፍሬ ገና ካልሟሟ ከግንዱ ሥር ጥረጉት፤ ከቅጠሉ ላይ አራግፉት። የጓሮ አትክልት ከሆነ ብዙ ውሃ ቀስ እያላችሁ አጠጡ፤ በማግስቱም ድገሙት። ውሃው ጨውን ከሥሩ በታች ያወርደዋል። በሰፊ ማሳ ላይ ግን ይህን የሚሠራው ዝናብ ነው።

የተቃጠለ ቅጠል ተመልሶ አይለመልምም። ይሁን እንጂ ቶሎ ተስፋ ቆርጣችሁ በቆሎውን አትንቀሉ። ገና ጉልበት ያልደረሰ በቆሎ የሚያድግበት ልቡ አፈር ውስጥ ወይም ከአፈሩ ጋር እኩል ነው። ሳምንት ያህል ጠብቁ። ከመሃል አረንጓዴ ቅጠል ከወጣ ድኗል። መሃሉ ሲሳብ ተበጥሶ የሚወጣና የሚሸት ከሆነ ግን ሞቷል። ጠፍቶበት የነበረውን ቦታ ወቅቱ ሳያልፍ ቶሎ በሚደርስ ሰብል መተካት ይቻላል። «ያነሰው ነው» ብላችሁ በተቃጠለው ላይ ሌላ ዩሪያ እንዳትጨምሩ!

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለ። ዩሪያ የላሰ ከብት ይሞታል። ከረጢቱን ከበረትና ከሕፃናት አርቁ፤ ባዶውን ከረጢት በግጦሽ ላይ አትጣሉ። ዩሪያ የበተነ እጅ ሳይታጠብ እንጀራ አይቁረስ።

የእማማ በቆሎ

ባለሙያው ከሄደ በኋላ ከተቃጠለው ውስጥ 100 ግንድ ቆጥሬ በየቀኑ ማየት ጀመርኩ። ዝናቡ አልተቋረጠም ነበርና በሁለተኛው ሳምንት 60ው አዲስ ቅጠል አወጡ። 40ው ቀሩ። ለተራበው ሦስት ሩብ ግን የሚሰጥ ዩሪያ አልነበረም። በዚያ ዓመት እማማ የሰበሰቡት በቆሎ ካለፈው ዓመት አነሰ። ይህን የምጽፈው ልፎክር ሳይሆን እንድታውቁት ነው፤ የአንድ ጠዋት ችኮላ የአንድ ቤት የክረምት ቀለብ ነክቷል።

ባመቱ ልጠይቃቸው ሄድኩ። በቆሎው ጉልበት ደርሷል። እማማ በማሳው ዳር ሸራ ዘርግተው፣ ከረጢቱን በጣታቸው እየነኩ «አርባ... ስድስት። መጀመሪያ ያለው ነው፤ ዩሪያ ነው» ብለው አነበቡ። ከዚያ በምስማር የተመለከተች ቆርኪ ከመቀነታቸው አወጡና አንዷን ሰጡኝ።

«ነይ እስቲ፣ ጤዛው ረግፏል» አሉኝ። «ግን አንቺ አፈር አልብሺ፤ ልኩን እኔው እይዛለሁ።»

አንብባችሁ የምትወያዩባቸው ጥያቄዎች

1. ላም የሸናችበት ሣር መሃሉ የሞተውና ዙሪያው የለመለመው ለምንድን ነው?

2. ዩሪያ በውሃ ሲሟሟ ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? ታዲያ «አቃጠለ» የምንለው ምን ማለታችን ነው?

3. በከረጢት ላይ 18-46-0 ተጽፎ አገኛችሁ። ዩሪያ ነው ወይስ ዳፕ? በምን አወቃችሁ?

4. አንድ ገበሬ 100 ቆርኪ ዩሪያ ቢያስመዝን 250 ግራም መጣ። አንዱ ቆርኪ ስንት ግራም ይይዛል? ለ2,000 ግንድ አንድ አንድ ቆርኪ ቢሰጥ ስንት ኪሎ ይጨርሳል?

5. በአካባቢያችሁ በማዳበሪያ የተቃጠለ ማሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከመጠን፣ ከርቀትና ከውሃ የጎደለው የትኛው ነበር?